ሁለት የአዋቂ እርምጃ

(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ መምህራን ካደረግሁት ንግግር ለንባብ አስተካክዬ ያቀረብሁት)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላወራችሁ ነው። «አያቴ አለች።» ሁለት ቃል ናት። አማርኛ የምናስተምር ሰዎች ስለ መጥበቅና መላላት ስናስረዳ የምንጠራት ዓይነት ናት። «ለ» ሲላላ አያቴ ተናገረች ማለት ነው፤ ሲጠብቅ አያቴ በሕይወት አለች ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ለተናጋሪው አፍ ይተወዋል። እኔና ሰባት ተማሪዎቼ ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር መድረክ ላይ ያወጣናት አፍ በጨርቅ በተሸፈነበት ዓመት ነው። በ2013 ዓ.ም. ሰው በትክክል እንዲሰማት ለማድረግ ከኅዳር እስከ ግንቦት ፈጀብን።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ ክበባችን ለወላጆች ቀን የሚቀርብ ቴአትር እያጠና ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ለ15 ቀን ነው የተባለው። ልጆቹ የካርቶን ዘውዳቸውን፣ የመድረክ ልብሳቸውን፣ ከቤት ተውሰው ያመጡትን አንድ ጋቢ ጭምር በክበቡ ቁም ሳጥን ቆልፈው «ከሁለት ሳምንት በኋላ እንገናኝ» ተባብለው ተለያዩ። ያን ቁም ሳጥን የከፈትሁት ጥቅምት 2013 ላይ ነው። ዘውዱን አይጥ በልቶታል። ጋቢው እንደታጠፈ ነበር።

ያን ቴአትር መልሰን አላነሣነውም። ልጆቹ ሲመለሱ ሌላ የሚናገሩት ነገር ነበራቸው።

ሚያዝያ 2012 ላይ ከክበቡ ልጆች የአንዷ አያት ዐርፈው ነበር። ኮሮና አልነበረም የገደላቸው፤ የቆየ የልብ ሕመም ነበረባቸው። ሆኖም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ሳምንታት ብቻ አልፈዋል፤ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል ነው። ድንኳን አልተተከለም። የእድሩ ወንበርና ብርጭቆ ከግምጃ ቤቱ አልወጣም። ልጅቷ በቴሌግራም በላከችልኝ የድምፅ መልእክት የነገረችኝን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። አንዲት ጎረቤታቸው ንፍሮ በሰሐን ይዘው መጡ፤ ሰሐኑን ደረጃው ላይ አስቀመጡና ወደ ኋላቸው ራቅ ብለው ቆመው ማልቀስ ጀመሩ። «እናቴ ልታቅፋቸው ተነሣች። እናቴ አንድ እርምጃ ስትሄድ እሳቸው አንድ እርምጃ ይሸሻሉ። እንደዚያ እየተላቀሱ እስከ ውጭው በር ደረሱ» አለችኝ።

«ይህን ጻፊው» አልኋት።

እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ቴአትርን ለተማሪ ስናስረዳ ብዙ ነገር እንዘረዝራለን። እኔ ግን ከዚያ የድምፅ መልእክት በኋላ የምለው አንድ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች አሉ፤ በመካከላቸው ቦታ አለ፤ ቦታው ሲጠብና ሲሰፋ ሦስተኛ ሰው ያያል። የሚያይ ሰው ከሌለ ለቅሶ ብቻ ነው። ያን ቀን በዚያ ግቢ ሦስተኛዋ ሰው የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ነበረች፤ ጓዳው በር ላይ ቆማ።

ሁለት ገጽ ጽፋ ላከች። የቀሩት ስድስቱ በየቤታቸው ሆነው ጨመሩበት። ከሰባቱ የራሳቸው ስልክ የነበራቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ አራቱ የቤቱ ስልክ ከሥራ እስኪገባ ይጠብቁ ነበርና የክበባችን ስብሰባ ሁልጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሆነ። ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ይህም ቀረ። በዚያ ጊዜ ጽሑፉን በእጄ ገልብጬ በየሰፈራቸው ሱቅ አስቀመጥሁላቸው። አንዱ ባለ ሱቅ የልጁን ድርሻ አንብቦት ኖሮ፣ «መምህር፣ ይህ ለቀስተኛ ለምን ዝም ይላል? አንድ ነገር ይበል እንጂ» ብሎ አስተያየቱን ጠርዙ ላይ ጽፎ መለሰልኝ። ትክክል ነበር። ለቀስተኛው አንድ ነገር እንዲል አደረግን።

ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ልጆቹን በአካል አገኛለሁ ብዬ ጓጉቼ ነበር። ያገኘሁት በግማሽ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ ስለተወሰነ ተማሪው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይማራል። ሰባቱ ተዋንያን አራትና ሦስት ሆነው ተለያዩ። እናትዋን የምትጫወተው በአንዱ ፈረቃ፣ ጎረቤትዋን የምትጫወተው በሌላው። የሚላቀሱት ሁለቱ ሰዎች አይገናኙም! እናትዋ ከባዶ ወንበር ጋር ታጠናለች፤ የጎረቤትዋ ድምፅ ከስልክ ይመጣል። በማግስቱ ጎረቤትዋ ለዚያው ወንበር ታለቅሳለች።

በዚያ ሰሞን በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ክበባት በሙሉ ለዓመቱ ይቅሩ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የጠፋው የትምህርት ጊዜ ብዙ ነው፣ መማር የሚገባው ብዙ ነው፣ ክበብ ትርፍ ነው ተባለ። ያቀረቡት ሰዎች ለልጆቹ የሚያስቡ እንደነበሩ አውቃለሁ። ያኔ የተናገርሁትን አሁንም እናገራለሁ። ዘመናዊ ቴአትራችን ራሱ ያደገው በትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ መድረክ ላይ ያወጧቸው ተማሪዎቻቸውን ነበር። ቴአትር ከትምህርት የተረፈ ጊዜ መሙያ ሆኖ አያውቅም። ከዚህም በላይ፣ እነዚህ ልጆች ሰባት ወር ሙሉ በቴሌቪዥንና በስልክ ሲያዩ ከርመዋል፤ ያያቸው ሰው ግን አልነበረም። አንድ ልጅ ቆሞ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ሲያየው የሚሰጠው ነገር አለ። ሒሳብ በማካካሻ ክፍለ ጊዜ ይካካሳል፤ ይህኛው በምን እንደሚካካስ እኔ አላውቅም።

በመጨረሻ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ በሜዳ ላይ፣ ርቀት ተጠብቆ ይሁን ተብሎ ተፈቀደ። ቀረጻ አድርጋችሁ በቴሌግራም ልቀቁት የሚልም ምክር ነበር። እኔም ልጆቹም አልተቀበልነውም።

ሰባቱም አንድ ላይ የተገናኙት ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ሆን ብለን ነው የመረጥነው። ጽሑፉ ውስጥ የልጅ ልጅዋ ደጋግማ የምትተርከው ስለ ኅዳር በሽታ ነው፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደፈጀ ስለሚገመተው ወረርሽኝ። አያትዋ ከእናታቸው የሰሙትን ለልጅ ልጃቸው ነግረዋታል፤ ቀባሪ መጥፋቱን፣ በር ተዘግቶ መክረሙን። ስለዚህ «አያቴ አለች» እያለች ነው የምትጀምረው። ያን ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ፣ ኅዳር እየታጠነ ነበር። ጭሱ በግንቡ ላይ አልፎ ግቢያችን ገባ። ልጆቹ ያነበቡት ዓይናቸው እያለቀሰ ነው፤ ገሚሱ ከጭሱ፣ ገሚሱ ከሌላው።

ከማንበባችን በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። እናትዋና ጎረቤትዋ የሚሆኑት ሁለቱ ልጆች ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማይለያዩ ጓደኛሞች ናቸው። ከመጋቢት ወዲህ ተያይተው አያውቁም። አንዷ በበሩ ስትገባ ሌላዋ አየቻትና እጆችዋን ዘርግታ ሮጠች፤ ያችኛዋም ሮጠች። እኔ «ቁሙ!» ብዬ ጮኽሁ።

ቆሙ። በመካከላቸው ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቷል። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። አንዷ ቀስ በቀስ እጅዋን ስታወርድ ያየሁትን ፊት፣ ማለትም ከማስኩ በላይ የቀረውን ዓይንና ግንባር፣ አሁንም አየዋለሁ። መምህር ሆኜ በኖርሁበት ዘመን ያን ያህል የከበደኝ ቃል የለም። ልክ ነበርሁ፤ አያቶች ያሉበት ቤት ነው የሚመለሱት። ልክ መሆኔ ግን አላቀለለልኝም።

ያን ጊዜ ከልጆቹ አንዱ፣ የእድሩን ጥሩንባ ነፊ የሚጫወተው ዝምተኛ ልጅ፣ ምንም ሳይናገር ሄዶ ከቁም ሳጥኑ ያን ጋቢ አመጣ። አንዱን ጫፍ ለአንዷ ወረወረላት፤ ሌላውን ጫፍ ለሌላዋ። ሁለቱም ጫፍ ጫፉን ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ጋቢው በመካከላቸው ተወጠረ። አንዷ ስትስብ የሌላዋ ትከሻ ወደፊት ይመጣል። አንዷ ስታለቅስ ጋቢው ይንቀጠቀጥና ሌላዋ እጅ ላይ ይሰማል። ማንም ምንም አላለም።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ የወጣው መመሪያ በሰዎች መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ይጠበቅ ይል ነበር። ሁላችንም በየባንኩና በየታክሲ ሰልፉ የሰማነው ቃል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለእኛ የመድረካችን መለኪያ ሆነ። የተዋንያኑን አቋቋም በሙሉ በዚያ ሠራነው። የሚዋደዱ ሰዎች ሁለት እርምጃ ላይ ይቆማሉ፤ የተጣሉ አራት ላይ። ማንም ከሁለት በታች አይገባም። በልምምዱ ሦስተኛ ሳምንት ላይ አንድ ተዋናይ ግማሽ እርምጃ ብቻ ጠጋ ሲል የሚያዩት ልጆች ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ሰማሁ። በደኅናው ዘመን ተዋንያኑን እያላተምሁ፣ እያስተቃቀፍሁ ያላገኘሁት ነገር ነው።

አሁን ወደ ድምፅ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ እናንተም ነገ ሊያስፈልጋችሁ ይችላልና።

መጀመሪያ ያደረግነው ሙከራ ነው። ከተዋንያኑ 30 እርምጃ ርቄ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁና የሰማሁትን ብቻ መጻፍ ጀመርሁ። በጨርቅ ማስክ፣ በሕክምና ማስክ፣ ግልጽ በሆነው የፊት ፕላስቲክ። ፕላስቲኩ ፊትን ያሳያል ብለን ተስፋ ጥለንበት ነበር፤ ነገር ግን ድምፁን ወደ ተናጋሪው ይመልሰዋል፣ በፀሐይም ያብለጨልጫል። ወፍራሙ ጨርቅ ድምፅን ይውጣል። ከሁሉም የተሻለው ስስ የሕክምና ማስክ ሆነ። እሱም ቢሆን የሚያስቀረው አለ። ጨርቅ የሚያስቀረው ቀጭኑን፣ የሚያፏጨውን ድምፅ ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ይጠፋሉ። አናባቢዎቹ ያልፋሉ። በጉሮሮ ግፊት የሚፈነዱት ቀ፣ ጠ፣ ጨ ደግሞ ጨርቁን በጥሰው ይወጣሉ። አማርኛ ለዚህ የታደለ ቋንቋ ነው!

ስለዚህ ጽሑፉን ቃል በቃል በጆሯችን አበጠርነው። «አያቴ አረፈች» የሚል ቦታ ነበር። ከ30 እርምጃ «ፈ» ጠፍታ «አረች» ይሁን «አለች» የማይለይ ነገር ይሰማል። ጸሐፊዋ ልጅ ሁለት ቀን አሰበችበትና «ቀበርናት» ብላ መጣች። ወዲያው ተሰማ። ይበልጥም ከበደ፤ «አረፈች» የሚለው ቃል የሚሸሽገውን አፈር «ቀበርናት» አወጣው። ማስኩ ያስገደደን ለውጥ ነው፤ ማስክ ባይኖርም ግን መደረግ የነበረበት ነበር። ቃል ስንመርጥ ለስላሳውን የምንመርጠው ብዙ ጊዜ ለተመልካቹ ሳይሆን ለራሳችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የመጥበቅና የመላላት ጣጣ መጣ። በተለመደው ጊዜ ተመልካች ሳያውቀው ከንፈር ያነባል። ከንፈሩ ሲከደን «ይበላል» ሲባል ሰውየው ይብላ ወይ ምግቡ ይበላ አይለይም። ስለዚህ ልጆቹ የሚጠብቀውን ድምፅ ከተለመደው ሁለት እጥፍ ያህል ይዘው እንዲያቆዩ፣ የሚላላውን ደግሞ ፈጥነው እንዲያልፉ አለማመድኋቸው። በጭብጨባ ነበር የምንለማመደው፤ ለጠባቂው አንድ ጭብጨባ፣ ለላላው ዝም። አንድ ወር ገደማ እንዲህ ካጠኑ በኋላ እነዚህ ልጆች ማስካቸውን አድርገው የተናገሩት አማርኛ፣ ሌሎች ባዶ አፍ ከሚናገሩት የጠራ ነበር።

ቀረች «አያቴ አለች»። የቴአትሩ መጨረሻ ላይ የልጅ ልጅዋ ጋቢውን አጥፋ ጉልበትዋ ላይ ታስቀምጥና ይህችን ብቻ ትላለች። ከዚያ ትረካ ይቀጥላል ብሎ ሰው ይጠብቃል፤ አይቀጥልም፤ ዝም ትላለች። «ለ»ን ላላ አድርጊው አልኋት፤ የተቋረጠ ወሬ ነው፣ አያትዋ ያሉትን ልትነግረን ጀምራ አቃታት። እሷ ግን «ሁለቱንም ይስሙት» አለችኝ። በመድረክ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይነገርም ብዬ ተከራከርኋት። ክርክራችን ሳይቋጭ ብዙ ሳምንት ቆየ። ስትጫወት ግን የነገርኋትን ትታዘዝ ነበር፤ አላልታ ትለው ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ልናሳይ ተዘጋጅተን ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ 2013 ግን የበሽታው ብርቱ ጊዜ ሆነ፤ ሆስፒታሎች ኦክስጅን አጠራቸው። ጋቢውን ያመጣው ልጅ አባት ታመሙ። ልጁ አምስት ሳምንት ቀረ። ተተኪ እንፈልግ አላልንም። በልምምድ ጊዜ እሱ የሚቆምበትን ቦታ ባዶ እየተውን፣ ተራው ሲደርስ ሁላችንም ዝም እያልን አለፍነው። አባቱ ተርፈው እሱ ሲመለስ የቆመው እዚያው ቦታው ላይ ነው።

ከ50 ሰው በላይ ለመሰብሰብ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ቁጥራችን ከዚያ እንዳይበልጥ አደረግን። ሰባት ተዋንያን፣ ሦስት ረዳቶች፣ እኔ፤ ለተመልካች 39 ወንበር ቀረ። ቀድሞ አዳራሹ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ይታጨቅ ነበር። የስፖርት መምህራችን ለኳስ ሜዳ በሚያሰምርበት ኖራ 39 ክቦች መሬቱ ላይ ሠራልን፤ ለእያንዳንዱ ክብ አንድ ወንበር። መድረካችንን የመማሪያ ክፍሎቹን ረጅም ግድግዳ ከኋላ አድርገን መረጥነው፤ ሜዳ ላይ ድምፅ ይበተናል፣ ግድግዳ ይመልሰዋል። ሰዓቱ ነፋስ ሳይነሣ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆነ። ግንቦት 8፣ 15፣ 22 እና 29፣ አራት እሑድ።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ፈርተው ፈጠኑ። በሁለተኛው እሑድ መሐል ላይ ዝናብ መጣ፤ ጣሪያ ሥር እንዳይጠጋጉ ብዬ ላቋርጠው ስነሣ ሰዎቹ በየክባቸው ውስጥ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ ጃንጥላ ያልነበራቸው ነጠላቸውን ተከናነቡ። ኖራው እየታጠበ ነጭ ውኃ በእግራቸው ሥር ይፈስ ነበር። ጨረስነው። ከዚያ በኋላ አንዲት እናት ቀርበው፣ ማለቴ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርበው፣ የሆነ ነገር ነገሩኝ። በቴአትሩ ውስጥ ዕጣን እናጨስ ነበር። እሳቸው በመጋቢት ታመው የዳኑ ናቸው። «ጭሱን አየሁት፤ ሽታው ግን እስካሁን አይመጣልኝም። ልጄ ዕጣኑን ስትጨምር ግን የሸተተኝ መሰለኝ» አሉ።

የመጨረሻው እሑድ ጸሐፊዋ ልጅ የጋበዘቻቸው ጎረቤትዋን ነው፤ ንፍሮውን ያመጡትን። በሁለተኛው ረድፍ፣ ከጫፍ ሦስተኛው ክብ ውስጥ ነበሩ። ቴአትሩ ስለ እሳቸው እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ሰሐኑ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። እናትዋና ጎረቤትዋ ጋቢውን ይዘው ሲላቀሱ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ቆዩ፤ አላወቁትም መሰለኝ።

መጨረሻው ደረሰ። ልጅቷ ጋቢውን አጠፈች፤ አራት ጊዜ፣ ቀስ ብላ። ጉልበትዋ ላይ አስቀመጠችው። «አያቴ አለች» አለች፤ «ለ»ን እንደ ወትሮው አላልታ። ዝም አለች። ግቢው በሙሉ ዝም አለ።

ከሁለተኛው ረድፍ እኒያ እናት «አለች ልጄ፣ አለች» አሏት። ማስካቸውን አላወለቁም፤ «ለ»ዋ ግን ጠብቃ እስከ ግድግዳው ድረስ ተሰማች።